የወለላ ፍርድ

አንድ የንብ አርቢዎች አገር ነበር። ቀፎ ያልተሰቀለበት ደጅ አይገኝበትም። ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል፤ ማሩ ለታመመ መድኃኒት፥ ለእንግዳ ክብር ነው። ንብ ከአበባ እንጂ ከቆሻሻ አትቀስምምና ሰዎቹ ማርን እንደ ቅዱስ ነገር ያዩት ነበር። «ማር አይዋሽም» ይላሉ። አንድ ልማዳቸውም ከዚህ አባባል ተወለደ።

ሁለት ሰዎች ተካሰው ነገሩ ሲጠና ወደ ወለላው ይወሰዳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ በድንጋይ መደብ ላይ፥ ከሩቅ አገር በብዙ መከራ የመጣ ትልቅ የብርጭቆ ጋን ነበር። ውስጡ የተጣራ፥ ወፍራም ወለላ ሞልቶበታል። ፀሐይ ሲያርፍበት እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል። አንድ አንጥረኛ ከአንድ ብረት ሁለት ትናንሽ ዘንጎች ቀጥቅጦ ነበር፤ ድብልብል፥ የመሐል ጣት የሚያህሉ፥ በርዝመትም በውፍረትም በክብደትም እኩል። አንዱ ለከሳሽ ነው፥ አንዱ ለተከሳሽ። ዳኛው ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ከወለላው አፍ ላይ እኩል ይለቃቸዋል። ዘንጉ ቀድሞ ታች የደረሰለት ሰው እውነተኛ ነው። የዘገየበት ሐሰተኛ ነው።

ለሁሉም ትርጓሜ ነበራቸው። አንዱ ዘንግ ሲወርድ ወደ ጎን ከሄደ «ሸሸ» ይላሉ፤ ባለቤቱ ዐመፀኛ ነው ማለት ነው። ሸሽቶ ከብርጭቆው ግድግዳ ደርሶ፥ እዚያ ቀስ ብሎ ፊቱን ከመለሰ ደግሞ «ተጸጸተ» ይላሉ፤ የሰውየው ቅጣት ይቀልለታል። ሽማግሌዎች ይህን ለልጆች ያስተምሩ ነበር። ልጆችም ሲያድጉ ለልጆቻቸው አስተማሩ።

በዚያ አገር ወልደ ሰማዕት የሚባል ዳኛ ነበር። እጁ መማለጃ ነክቶ አያውቅም። የሚፈርድ ቀን ሳይጸልይ ከቤቱ አይወጣም። ሁለቱንም ባላጋራዎች አስቀድሞ ይሰማል፤ ከዚያ ዘንጎቹን ያነሣል። ሁልጊዜም አንድ ነገር ይገርመው ነበር። ሰዎቹ ገና ሲናገሩ እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ልቡ ይነግረዋል፤ ወለላውም ልቡ ያለውን ያጸድቅለታል። ስቶ አያውቅም። ሰዉም «ይህ የተሰጠው ሰው ነው» ይል ጀመር። እሱም ሲመሽ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

አንድ ጊዜ ታንጉት የምትባል መበለት እና ቢያድግልኝ የሚባል የባሏ ታላቅ ወንድም በመሬት ተካሰው ቀረቡ። ታንጉት ባሏን ከቀበረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ሁለት ልጆች አሏት። እናት አባቷ ሞተዋል፤ ከዚያ መሬት ከተነሣች የምትገባበት የላትም።

ቢያድግልኝ ነጠላውን አጣፍቶ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«ጌታዬ፥ መሬቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ሲቸገር ባይ 'እረስበት' አልኩት። ወንድም ለወንድሙ ምን ይሰስታል? አሁን እሱን አፈር በላው። ይቺ ደግሞ ባዳ ናት። ባዳን ከአባቴ ርስት ላይ እንዴት ልተዋት?»

«ባዳ!» አለች ታንጉት። «ሠርጌ ላይ ጠጅ ስትጨልጥ ባዳ አልነበርኩም? ጌታዬ፥ አባታቸው በቁማቸው ነው መሬቱን ያካፈሏቸው! ይህ አፉ ቅቤ ነው፥ ሆዱን ግን እኔ አውቀዋለሁ!»

«አንቺ ሴት፥ ተራሽን ጠብቂ» አላት ዳኛው።

«የእኔ ተራ መቼ ደርሶ ያውቃል?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። ድምፅዋ በልቅሶ የሻከረ ነበር፤ እሱ ግን የጠብ ድምፅ መሰለው። ቢያድግልኝን አየው። ለጧፍ ሰም የሚሰጥ፥ ሰንበት የማይቀር፥ ትሑት ሰው ነው። ልቡ እንደ ወትሮው ነገረው።

ዘንጎቹን አነሣ። የቢያድግልኝን በቀኙ ጠንቀቅ አድርጎ፥ ቀጥ አቁሞ ያዘው። የታንጉትን በግራው እንደ ነገሩ አጋድሞ ያዘው። «አምላኬ ሆይ፥ እውነቱን ግለጥ» አለና ለቀቃቸው።

የቢያድግልኝ ዘንግ እንደ ቆመ ቁልቁል ገሰገሰ። የታንጉት ግን በጨርቅ እንደሚያወርዱት ሬሳ፥ እንደ ተኛ በዝግታ ሰመጠ። ያኛው ታች ሲደርስ የእሷ ከወለላው እኩሌታ ብዙ አላለፈም ነበር።

«መሬቱ የቢያድግልኝ ነው» አለ ዳኛው። «ክረምት ሳይገባ ተነሺ።»

ታንጉት ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጌታዬ፥ የእሱን አቁመው ለቀቁት። የእኔን አጋደሙት። እንደገና ይጣልልኝ።»

«በማር ላይ ይግባኝ የለም!» አለ አንዱ ከሰዉ መሐል።

«ተረታሽ፥ በቃ! ደግሞ ማር ልታስተምሪ ነው?» አለ ሌላው።

ዳኛው ግን ክፉ ሰው አልነበረምና በለሆሳስ አስረዳት።

«ልጄ፥ ወንዝ ስትወርጂ አላየሽም? ቀጭን ብረት በውሃ ውስጥ አቁመሽ ብትለቂው፥ ሲወርድ ዞሮ አግድም ይተኛል። አጋድመሽ ብትለቂውም ያው ነው። አለቃቀቅ ለውጥ የለውም። ብረቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ እንደ ፈቃዱ የሚያዞረው ፈጣሪ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያለው እውነት ነበራ። በውሃ እንደዚያ ነው፤ ሁሉም አይቷል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ታንጉት። «ያየሁትን ተናገርኩ።» ልጆችዋን በግራና በቀኝ ይዛ ሄደች።

ዳኛው ቤቱ ገባ። ምሳ ቀረበለት፤ አልበላም። ሴትዮዋ ያለችው ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶበታል። ለውጥ እንደሌለው በውሃ አይቷል። በወለላ ግን አይቶ ያውቃል? ዘንጎቹን በጣለ ቁጥር የሚያየው ማን እንደ ቀደመ እንጂ እንዴት እንደ ወረዱ አልነበረም። ሚስቱን ፀዳለን ጠርቶ ሁለት ረጃጅም ብርጭቆዎች አስመጣ። በአንዱ ውሃ፥ በሌላው ወለላ አስሞላ። ከሚስቱ የመስፊያ መርፌ ስባሪዎች አንዱን አንሥቶ ውሃው ውስጥ አቁሞ ለቀቀው። ዘመም አለ፥ ተገለበጠ፥ አግድም ሆኖ ታች ደረሰ። «ያልኩት ነው» አለ ለራሱ።

ሌላውን ስባሪ ወለላው ውስጥ አቁሞ ለቀቀው። እንደ ቆመ ወረደ። እንደ ቆመ ደረሰ።

ሌላ አንሥቶ አጋደመው። እንደ ተጋደመ ወረደ። ዳኛው ፊቱን ወደ ብርጭቆው አስጠጋ።

«አንተ ሰውዬ፥ ምን ሆነሃል?» አለች ፀዳለ። «ማር ይልሱታል እንጂ ምን ያፈጡበታል?»

«ዝም በይ እስቲ።»

«ዝም አልኩ። መርፌዎቼን ግን ጨረስካቸው።»

አንዱን አዘንብሎ ለቀቀው። እንደ ዘነበለ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ወረደ። ከብርጭቆው ግድግዳ ሲደርስ፥ እዚያ ብቻ፥ ቀስ ብሎ ዞረና ከግድግዳው ራቀ። ዳኛው ይህን መልክ ያውቀዋል። «ሸሸ» እያለ ሰዎችን ቀጥቶበታል። «ተጸጸተ» እያለ ምሮበታል።

ደጋግሞ ጣለ። ወለላው እንደ ውሃ አይደለም። በቀጭኑ ውሃ ውስጥ ብረት በፍጥነት ይወርዳል፤ ውሃውም እየተጋፋ ያዞረዋል፥ ያስተኛዋል። ወፍራሙ ወለላ ግን አይቸኩልም፥ አያዞርም፥ አያቃናም። እንዴት ብለህ እንደ ሰጠኸው እንደዚያው ይዞት ይወርዳል። የቆመው ይፈጥናል። የተኛው ይዘገያል። የዘመመው እንደ ዘመመ ይሄዳል።

ፀዳለ አሁን አልቀለደችም። ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የፈረደው ማን ነው?» አለችው።

ዳኛው እጁን ተመለከተ።

ሆን ብሎ አላጭበረበረም፤ ይህን ፈጣሪ ያውቃል። ነገር ግን ያመነውን ሰው ዘንግ ሲይዝ እጁ ይጠነቀቃል። ያላመነውን ሲይዝ እጁ ቸል ይላል። ልቡ ወደ ዘመመበት እጁም ዘመመ። ወለላውም የራሱን ሐሳብ መልሶ ሰጠው፤ እሱ ግን የሰማይ ድምፅ መሰለውና አመሰገነ።

ሲነጋ ብቻውን ወደ ታንጉት ቤት ሄደ። ከደጅዋ ቆማ እህል በስልቻ ትከት ነበር። ስታየው ስልቻውን አልለቀቀችም።

«ገና ክረምት አልገባም እኮ፥ ጌታዬ። ለማስወጣት እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«አይደለም። ትናንት ያልሽው እውነት ነው። ወለላው ምንም አይናገርም። ተሳስቻለሁ።»

የታንጉት እንባ መጣ፤ ግን የደስታ አልነበረም።

«ያኔ ስናገር ለምን አልሰሙኝም? እኔ ሆዴን ስዘረግፍ እርስዎ ጋኑን ነበር የሚያዩት።»

ዳኛው ይህን ሲሰማ ከደጅዋ ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አሁን ንገሪኝ» አላት። «ከመጀመሪያው።»

ነገረችው። አባታቸው በቁማቸው መሬቱን ሲያካፍሉ የድንበሩን ድንጋይ የተከሉት አባ ክንፉ የሚባሉ አዛውንት መሆናቸውን፥ እሳቸውም አርጅተው ከወንዙ ማዶ አልጋ ላይ እንደ ዋሉ ነገረችው። በዚያ አገር ግን ወለላ እያለ ማን ምስክር ይጠይቃል?

ዳኛው ወንዙን ተሻግሮ አባ ክንፉ ቤት ገባ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል።

«አዎ፥ ድንጋዩን የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከድንጋዩ በላይ የታላቁ፥ ከድንጋዩ በታች የታናሹ። ቢያድግልኝም በዚያ ቆሞ 'ተስማምቻለሁ' ብሏል። ለምን ከሰሰ?»

«አባቴ፥ ይህን ለምን አልመሰከሩም?»

«ልጄ፥ ማን ጠየቀኝ?»

በማግሥቱ ዳኛው አገሩን ሰበሰበ። አባ ክንፉ በቃሬዛ መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። ሌሎችም ጎረቤቶች አንድ በአንድ «እኔም ነበርኩ፥ እውነት ነው» አሉ። የቢያድግልኝ ፊት ቀላ።

«በማሩ ተፈርዶልኛል!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ይዋሻል፥ ማር አይዋሽም! እናንተ ሰዎች፥ የአባቶቻችን ሥርዓት ሲፈርስ ዝም ትላላችሁ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ብዙዎቹ ከእሱ ጋር ነበሩ። ዳኛው የቢያድግልኝን ዘንግ አንሥቶ ለራሱ ለቢያድግልኝ ሰጠው።

«እንግዲያስ አንተው ጣለው። ይኸኛውን ደግሞ እኔ አጋድሜ እለቃለሁ። የአንተን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ልቀቀው።»

ለቀቁ። የቢያድግልኝ ቀደመ።

«አያችሁ!» አለ ቢያድግልኝ።

«አሁን አንተ አጋድመው፤ እኔ አቆማለሁ።»

ቢያድግልኝ ሰዉ ሁሉ እያየው ነውና ማፈግፈግ አልቻለም። አጋድሞ ለቀቀው። ዘንጉ እንደ ተኛ ወደ ኋላ ቀረ፤ የዳኛው አልፎት ወረደ።

«ያው ሰው፥ ያው መሬት፥ ያው ብረት» አለ ዳኛው። «መጀመሪያ እውነተኛ ነበርክ፥ አሁን ሐሰተኛ ሆንክ? ወገኖቼ፥ ማሩ አልዋሸም። እውነትም አልተናገረም። ማር ነው። የዋሸነው በእሱ ስም የተናገርነው እኛ ነን።»

መሬቱ ለታንጉትና ለልጆችዋ ጸና። ቢያድግልኝ ነጠላውን ተከናንቦ ከሰዉ መሐል ወጣ።

ጉባኤው ሊበተን ሲል አንዲት አሮጊት ከኋላ ብድግ አሉ። ጥቁር የለበሱ ናቸው። ሁሉም ያውቃቸዋል።

«ጌታው» አሉ፥ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፤ «የእኔ ልጅስ?»

የእኚህ እናት ልጅ ጎበዝ ገበሬ ነበር። በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ዘንጉ ሸሸ ተባለ፤ ከአገር ተባረረ። ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ።

«'አልሰረቅሁም እማዬ' ብሎኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ግን ማሩን አመንኩ። ስንቅ እንኳ አልቋጠርኩለትም።»

ዳኛው ከመደቡ ወረደ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«መውደቅዎ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ልጄን ነው የጠየቅሁት።»

«እናቴ» አለ፥ «ሄጄ እፈልገዋለሁ።»

የዳኝነቱን ካባ አውልቆ ለሽማግሌዎቹ አስረከበ። ስንቁን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ከሰፈር ሰፈር፥ ከበረሃ በረሃ እየጠየቀ ሄደ። ብዙ ጊዜ ቆየ። ሲመለስ ብቻውን ነበር። ወደ አሮጊቷ ቤት ገብቶ መቃብሩን እንዳገኘ፥ ልጃቸው በወባ እንደ ሞተ፥ የቀበሩት ሰዎች ሐቀኛ ሠራተኛ ነበር እንዳሉት ነገራቸው። አሮጊቷ አለቀሱ። እሱም አብሯቸው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ ማገዶአቸውን የሚፈልጠው፥ ማሳቸውን የሚያርሰው እሱ ነበር። በተቀረውም ጊዜ በወለላ የፈረደባቸውን ሰዎች ደጅ እየዞረ፥ ቆሞ ይቅርታ ለመነ። አንዳንዶቹ ማሩት። አንዳንዶቹ በር ዘጉበት። የዘጉበትን አልተቀየመም።

ወገኖቼ፥ በዚህ ዓለም አንዳንድ ነገር እንደ ውሃ ነው። አዘንብለን ብንለቀውም ይጋፋል፥ ይዞራል፥ ሌላ መልክ ይይዛል። ዛሬ ያጠፋነውን ነገ ሌላ ነገር ያቃናልናል። ብዙው ነገር ግን እንደ ወለላ ነው። በሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ፥ ከአፋችን የሚወጣ ሐሜት፥ ለልጃችን በቁጣ የምንናገረው ቃል ከእጃችን በወጣበት አኳኋን ይሰምጣል። ማንም መንገድ ላይ አያቃናልንም። እናት የሆነች ታውቀዋለች፤ ልጅ ላይ ዘንብሎ የተለቀቀ ቃል ልጁ ጎልምሶም እንደ ዘነበለ ከሆዱ ይገኛል።

ከዚህም የሚብስ አለ። የራሳችንን ዝንባሌ የእግዚአብሔር ፈቃድ ብለን መጥራታችን ነው። ልባችን ያለውን ነገር ሁሉ የሚያጸድቅልን ምልክት ስናገኝ ደስ ይለናል፥ እናመሰግናለን። ያን ጊዜ ግን ልንፈራ ይገባል። እግዚአብሔር ጆሮ የሰጠን ሰውን እንድንሰማበት ነው፤ ፊት ለፊታችን ቆሞ የሚያለቅሰውን ትተን ጋን እንድናይ አይደለም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ሳንሰማው የፈረድንበት ሰው ማን ነው? ዛሬ በሕይወት ካለ፥ ደጁ ስንት እርምጃ ቢርቅ ነው?